የአጎቴ አንገት

አጎቴ በቀን አሥር ጊዜ ይሞታል፤ የፈተና ሰሞን ደግሞ ሠላሳም ይሞላል። ነፍስ ይማር የሚለው ግን የለም፤ የጎማ ሰው ነዋ። ከወገብ በታች አልተሠራም፤ ያለው ጭንቅላት፣ አንገት፣ ደረትና ሁለት ፊኛ ሳንባ ብቻ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ትንፋሹ የቆመ ሰው አንገቱ እንዴት እንደሚቀና፣ ማስኩ ፊቱ ላይ እንዴት እንደሚገጠም፣ አየር እንዴት እንደሚነፋለት የሚማሩት በእሱ ነው። ስሙን ያወጣችለት ከድሮ ተማሪዎች አንዷ ናት። «ቁርጥ አጎቴን! እሱም ሲጮኹበት አይሰማም» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸና።

የልምምድ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው። ሲስተር ሠላሳ አራት ዓመት ሰመመን ሲሰጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንዱን ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል፣ አንዱን ቀን እዚህ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነው ይባላል። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል። ስድስት ወር የቀረው ሰው ደግሞ ሥራውን እየሠራ አይደለም፤ እየተሰናበተ ነው። ሲስተር መስኮቱን ሲከፍቱ መስኮቱን ይሰናበታሉ፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሲያጠብቁ ቧንቧውን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጉሮሮ ሥዕል ቀዩን ቀለም ፀሐይ በልቶት ሰማያዊው ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ቀና ብለው እያዩ «አንተም አረጀህ፣ እኔም አረጀሁ» ይሉታል።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። ሲስተር ሰሌዳው ላይ «የአየር መንገድ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «ሲስተር፣ ቲኬቱ የት ነው የሚቆረጠው?» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ይህን ቀልድ አሥራ ስምንት ዓመት ሰምተውታል፤ አሥራ ስምንቱንም ዓመት ስቀውለታል። «ትምህርታችን ከአንገት በላይ ነው፤ እናንተ ግን ከአንገት በላይ እንዳትማሩት» ይሉና አጎቴን ከነብርድ ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙታል።

አጎቴ አንድ አመል አለው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ቀና ሲል፣ ልክ የአየር ቧንቧው የሚከፈትበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አንገቱ «ቋ» ይላል። ከፋብሪካ ሲመጣ አይልም ነበር። ትልቁ ዶክተርና ሲስተር ከአሮጌው ሕንፃ ወደ አዲሱ ሲያጓጉዙት ደረጃ ላይ አመለጣቸውና እስከ ታች ተንከባለለ። ትልቁ ዶክተር የሰመመን ክፍሉን ያቋቋሙት፣ ሲስተርንም ከጀማሪ ነርስነት አንሥተው ለዚህ ሙያ ያበቋቸው ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና አሁን የሉም። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ተማሪ ሳይነካው እኛው ገደልነው!» አሉ። አንሥተው ሲያገላብጡት ደረቱም ሳንባውም ደህና ነው፤ አንገቱ ብቻ ቋ አለ። «እሰይ! ደወል አወጣ» አሉ ትልቁ ዶክተር።

ከዚያ ወዲህ ደወሉ የክፍሉ ሕግ ሆነ። «ቋ ሳይል?» ይላሉ ሲስተር። «አትንፉ!» ይላል ተማሪው በአንድ አፍ። አንገቱን የሚጠግን ባለሙያ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ሲስተር ሁለቱንም ጊዜ ከበር መልሰውታል። ለሌላው ሰው የተበላሸ ጎማ ድምፅ ይሁን እንጂ ለእሳቸው ያ ድምፅ የትልቁ ዶክተር ሳቅ ማስታወሻ ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ፎቶው ይቀራል፤ ሳቁን ማን ያስቀርለታል? ሲስተር ያገኙትን ይዘው አልለቅም አሉ።

በዚህ ዓመት ከመጡት ተማሪዎች አንዷን ጓደኞቿ «መቶ» ይሏታል፤ ከመቶ መቶ ካላገኘች ምሳዋ አይወርድላትም ብለው። ቀጭን፣ አቀርቅራ የምትሄድ፣ አንዴ የነገሯትን ሁለተኛ የማታስደግም ልጅ ናት። ሌላው ተማሪ አጎቴ ላይ የሚሠራው እያወራ፣ እየሳቀ፣ ግማሹን እየዘለለ ነው። መቶ ግን ሲስተር እንዳሏት፣ አንዲት ሳታጎድል። አገጭ፣ አንገት፣ ቋ፣ ማስክ፣ ንፊ። ሲስተር አፍ አውጥተው ባይናገሩም «ይቺን ተክቼ ብሄድ ምን እፈልጋለሁ» ይሉ ነበር በሆዳቸው።

ሰኞ ጠዋት መቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ታካሚ ራስጌ ቆመች። ሲስተር በዚያ ሰዓት ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ስለነበሩ ወሬውን የሰሙት በምሳ ሰዓት ከክፍሉ ኃላፊ አፍ ነው። ኃላፊው የሲስተር የድሮ ተማሪ ነው። ያኔ «ችኩሌ» ይሉት ነበር፤ ማስኩን ሳይገጥም የሚነፋ፣ ነፍቶ ሲያበቃ አንገት የሚያቀና ጉድ ነበር። አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ቢሮም አለው። ሰው ፊት «ዶክተር» ይሉታል፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ያው ችኩሌ ነው።

«ሲስተር፣ ልጅቷ አልሆነላትም» አለ ወንበር ስቦ። «ታካሚዋ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ቆሟል፣ የአየር መንፊያው ፊኛ ልጅቷ እጅ ላይ ነው። አንገቷን ታቀናለች፣ ታቀናለች፣ አትነፋም! ‹ንፊ እንጂ!› እላታለሁ፤ ማን ሊሰማኝ። ኦክስጅኑ ዘጠና ገባ፣ ሰማንያ አምስት ገባ፤ ገፋ አድርጌያት ራሴ ያዝኩት።»

«ታካሚዋስ?»

«እሷማ ደህና ናት፤ ሾርባ እየጠጣች ነው። ግን ሲስተር፣ እኔ አደራ አለብኝ። እጇ የሚደርቅባትን ልጅ እዚያ ክፍል አላስገባም። ሐሙስ ጠዋት እኔ አጠገቧ ቆሜ አንዴ ትሞክር። ካልሆነላት ዓመቱን ትደግማለች።»

«እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች! ‹አላለም› ብላ ዝም። ‹ምኑ ነው ያላለው?› ስላት ማልቀስ ጀመረች። ደንግጣ ነው፤ የምትናገረውንም አታውቅም።»

ሲስተር ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምኑ እንዳላለ ከእሳቸውና ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መቶን የልምምድ ክፍሉ ውስጥ አገኟት። ለብቻዋ አጎቴ ራስጌ ቆማ አንገቱን ታቀናለች፣ ትመልሳለች። ቋ። ቋ። ቋ። ዓይኗ አብጧል።

«የሰው አንገት ቋ አይልም፣ ልጄ» አሉ ሲስተር በሩን ዘግተው።

«እሱማ አውቃለሁ። ማታ ቢጠይቁኝም፣ ጠዋት ቢጠይቁኝም እነግርዎት ነበር» አለች መቶ። «እዚያ ስቆም ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ወጣና እሱ ብቻ ቀረ። ‹ቋ ሳይል አትንፉ።› ብነፋ አየሩ ሆዷ ውስጥ የሚገባ መሰለኝ። ስለዚህ ጠበቅኩ።»

«ሌሎቹ ጓደኞችሽ እንዴት ሆኑ ታዲያ?»

«ሌሎቹማ አይጠብቁትም። እዚህም አይጠብቁትም ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል የወጡት ሁሉ የዳኑት የሲስተርን ቃል ግማሹን እዚያው ጥለው ስለሄዱ ነው። ቃላቸውን ሳታጓድል ይዛ የሄደችው አንዲት ልጅ ገደል ገባች። ሲስተር ሰው ሲሳሳት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ማለት ይወዱ ነበር፤ ያን ቀን የማን ድስት እንዳረረ አጥተውት አይደለም።

ዝም ማለትም ይቻል ነበር፤ ሲስተር መልአክ አይደሉም፣ ሐሳቡ መጥቶባቸዋል። ስድስት ወር ነው የቀራቸው። ልጅቷ ፈሪ ናት ተብሎ ቢታለፍ ማን ይጠይቃል? «እንደ ሲስተር ያለ አስተማሪ አይገኝም» እየተባለ፣ እየተጨበጨበ መሸኘት ማንን ይጠላል? ቧንቧው ሥር እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ታጠቡ፤ ያልቆሸሸ እጅ ነበር። ከዚያ አድርቀው ሳያበቁ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ቁጭ ሳይሉ፤ የአጎቴን አንገት ነገር ከደረጃው ጀምረው ነገሩት። «ወረቀት ላይ አስፍረው። እኔ ያስተማርኳትን ነው የሠራችው።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔስ? እኔም እርስዎ ጋ ነው የተማርኩት። ለምን አልጠበቅኩትም ታዲያ?»

«አንተማ መች ሰምተኸኝ ታውቃለህ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ሲስተር፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ገባኝ» አለ ኃላፊው ረጋ ብሎ። «የሚተኛው ሰው ግን የማን ጥፋት ነው ብሎ አይጠይቅም። ትንፋሽ ነው የሚፈልገው። ሐሙስ ያው ሐሙስ ነው።»

ሲስተር ቆሽታቸው አረረ፤ ደግሞም ኮሩበት። ራሳቸው ያሳደጉት ሰው ነዋ እንዲህ የሚላቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ክፍሉን ከውስጥ ቆለፉት። መቶ አጎቴ ራስጌ ቆማ፣ «ያለ ቋ በምን አውቃለሁ ታዲያ?» አለቻቸው። ሲስተር ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሱ ግን እጃቸው ላይ እንጂ አፋቸው ላይ አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው በምን ነበር ያወቁት? እሳቸው ሲማሩ አጎቴ የት ነበር?

አልነበረም። ትዝ አላቸው። የጎማ ሰው የሚባል ነገር በሥዕል እንኳ ባልታየበት ዘመን፣ አሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ ነበር። ዘጠኝ ጀማሪዎች ዙሪያውን ይቆማሉ። ትልቁ ዶክተር ኮታቸውን ያወልቃሉ፣ ክራባታቸውን ያላላሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ። የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፤ የተቀደደ ካልሲ ተማሪ ፊት የሚያሳይ ሐኪም ከእሳቸው በፊትም በኋላም አልታየም። ከዚያ መንጋጋቸውን ልል አድርገው ያንኮራፋሉ። «ና፣ ይህን ኩርፊያ ዝም አሰኘው» ይላሉ በየተራ። አንድ ቀን አራተኛው ተማሪ ላይ ሲደርሱ የምር እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዘጠኙ ልጆች ዶክተሩን ላለመቀስቀስ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ተራ በተራ መንጋጋቸውን ሲያነሡ ዋሉ። ሲስተር ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። እጃቸው ላይ ያልተላጨው ጢም ሲቆረቁራቸው፣ ከመዳፋቸው ሥር የሰው ትንፋሽ ወለል ብሎ ሲወጣ፣ የሆነ ነገር ለዘላለም እንደገባቸው አወቁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ጎማው ሲመጣ ያን ሁሉ ረስተው ጎማውን ሥልጣኔ ብለው ተቀበሉት።

«አጎቴን አንሺው» አሉ ሲስተር።

«ወዴት?»

«ወንበር ላይ አስቀምጪው። ዛሬ ያርፋል።»

ጋውናቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ ወጡ። መቶ ደንግጣ «ሲስተር ኧረ በሞቴ!» ብትላቸውም ማን ሊሰማ። በጀርባቸው ተጋድመው መንጋጋቸውን ለቀቁና አንኮራፉ። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷ ሳቀች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ቤቴ ያሉት ሁሉ ስቀውብኛል። አሁን ዝም አሰኚኝ። ከጆሮዬ ሥር ውረጂ፤ መንጋጋዬ የሚታጠፍበትን አጥንት አገኘሽው? እሱን ነው። ወደ ጣሪያው አንሺው። ዋ! አንገቴን ይዘሽ ግብግብ አትግጠሚ። አጥንቱን ብቻ።»

የመቶ ጣቶች በረዶ ነበሩ። አንዴ ሳተች፣ ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው የሲስተር መንጋጋ ተነሣ፤ ኩርፊያው ተቋረጠ፤ አየር ሳይጮህ ገባ፣ ሳይጮህ ወጣ።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«እሱ ነው። ሲከፈት አይነግርሽም። ዝም ነው የሚለው። ግን ዝም ያለ ሁሉ ተከፍቷል ብለሽ ደግሞ እንዳትሞኚ፤ ጭራሹን የተደፈነም ዝም ይላል። ደረቱን እዪ። ማስኩ ላይ ጉም ሲወጣና ሲጠፋ እዪ። ድገሚ።»

ደገመች። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሲስተር ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆነው የክፍላቸውን ጣሪያ አይተውት አያውቁም ነበር፤ ውኃ የነካው አንድ ቢጫ ቦታ አለው። ከቢጫው ቦታ በታች የልጅቷ ፊት፣ ተጨንቆ፣ ከንፈሩን ነክሶ ተደፍቶባቸዋል። ትልቁ ዶክተር ያዩት የነበረው ይህንን ነው ማለት ነው፤ የእኔን እንዲህ ያለ ፊት፤ ብለው አሰቡ። ናፈቋቸው። አባታቸው ሲሞት እንኳ እንዲህ አልናፈቃቸውም። እንባቸው በጎን ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። መቶ እጇን ስታላላ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት ጠጋኙን ራሳቸው ስልክ ደውለው ጠሩት። መሣሪያውን ሲዘረጋ «አንዴ ቆይማ» ብለው የአጎቴን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ኋላ ቀና አደረጉት። ቋ አለ። «በል አሁን ሥራህን ሥራ» አሉና እሱ እስኪጨርስ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ የአጎቴ አንገት ምንም አላለም።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተኙት ቡአቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ የመጡ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። መቶን ከታች ወደ ላይ እያዩ «ልጄ፣ አደራሽን፤ እንጨት እንኳ ሲላግ በርጋታ ነው፤ ቸኩሎ የላገ...» ሲሉ መድኃኒቱ ያዛቸውና ሳይጨርሱት ተኙ። ኃላፊው ፊኛውን ይዞ በስተቀኝ ቆመ። ሲስተር እግርጌ ናቸው፤ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው አንዱን በሌላው ጨብጠውታል፤ ካልያዙት ራሱ ሄዶ የሚሠራ እጅ ነው።

አናጺው አንኮራፉ። መቶ ሁለት እጇን ከጆሯቸው ሥር ሰደደች። ለአንድ አፍታ ጣቶቿ አጥንቱን ፈለጉ፤ ያቺ አፍታ ለሲስተር ከሠላሳ አራቱ ዓመት ትረዝም ነበር። ከዚያ መንጋጋው ተነሣ። ኩርፊያው ጠፋ። ማስኩን ገጠመችው፤ ውስጡ ጉም ወጣ፣ ጠፋ፣ ወጣ። ቀጥሎ መድኃኒቱ ጠለቀና ጉሙ ቀረ፤ ትንፋሹ ቆመ።

ኃላፊው ተናግሮ ሊያዛት ቀና ሲል ቀደመችው።

«ይንፉ» አለችው።

ችኩሌ ፊኛውን ጨመቀ። የአናጺው ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። «ይንፉ።» ከፍ፣ ዝቅ። መቆጣጠሪያው ላይ ዘጠና ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው ቀና ብሎ ሲስተርን አያቸውና ለልጅቷ «ቀጥዪ፤ ይሄ ሰውዬ ያንቺ ነው» አላት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሦስቱም ማገገሚያ ክፍል ሄዱ። አናጺው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ዙሪያውን ካዩ በኋላ በተጎተተ አንደበት፣ «የሰፋችሁኝ ቦታስ ምንም አይል» አሉ፤ «ግን ማነው መንጋጋዬን በጉጠት የያዘው?»

የመቶ ፊት ዐመድ መሰለ። «ይቅርታ አባባ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ...»

ሲስተር ክንዷን ያዝ አደረጉና ጎንበስ አሉ። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

አናጺው ሁለት የደከሙ እጆቻቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ፤ ከሁለቱ ጆሯቸው ሥር፣ መንጋጋው የሚታጠፍበት አጥንት ላይ አንዳንድ ጣት አሳረፉ። «እዚህና እዚህ» አሉ።

ወደ ላይም ወደ ታችም አላለፈም፤ ልክ ቦታው ነበር። አጎቴ በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እዚህ ጋ አመመኝ ብሏቸው አያውቅም። ሲስተር የተሰቀለውን ግሉኮስ የሚያስተካክሉ መስለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መቶ ከኋላቸው አጎንብሳ የአናጺውን መንጋጋ በቀስታ እያሻሸች፣ «እስከ ነገ ይተውዎታል፣ አባባ» ትላቸው ነበር።